ሌባ ጣት

ዛሬ የምናወጋው ከአውራ ጣት ቀጥላ ስላለችው ጣት ነው። አማርኛችን ሌባ ጣት ይላታል።

ለምን ሌባ ተባለች ቢባል፣ ነገሩ ከጓዳ የጀመረ ይመስለኛል። እናት ዞር ስትል ማር ማሰሮው ውስጥ የምትጠልቀው እሷ ናት። ከድስቱ ጠርዝ ቁሌቷን ጠረግ አድርጋ ወደ አፍ የምታደርሰውም እሷው ናት።

በትምህርት ቤትና በቢሮ ግን ጠቋሚ ጣት ወይም አመልካች ጣት ትባላለች። ሌባ ማለቱ ነውር መስሎ ይሆናል። እኔ ግን ጠቋሚ የሚለው ስም ይከብደኛል። ጠቋሚ ማለት ሰውን አሳልፎ የሚሰጥም ነዋ! በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በዚያ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በጥቆማ ብቻ ከቤቱ ተወስዶ የቀረው ስንት ነው? ሌባ ጣት ቢበዛ ማር ትልሳለች።

ሰው ላይ ጣት መቀሰርማ ድሮም ነውር ነው። ልጅ እንግዳ ላይ ጣቱን ሲቀስር እናቱ እጁን መታ ታደርገዋለች። ትልቅ ሰው ለማሳየት መዳፍ ይዘረጋል፤ «እሳቸው ናቸው» ይባላል።

ይህች ጣት ደግሞ ሠራተኛ ናት። ጥጥ የምትፈትል እናት አጠገብ ቁጭ ብላችሁ እጇን ተመልከቱ። እንዝርቱ ይሾራል፤ ባዘቶው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል እየሳሳ ክር ይሆናል። ዓይኗ በር በሩን ያያል፤ አፏ ከጎረቤት ጋር ያወጋል። ክሩ መወፈሩን ወይም መቅጠኑን የምትነግራት ጣቷ ናት። ጉጥ ሲያጋጥማት ቆም ትላለች፤ በሁለቱ ጣቶች አሸት፣ ፈታ አድርጋ ትቀጥላለች። ነጠላውም ጋቢውም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ወደ ጸሎትም እንሂድ። የኦርቶዶክስ ምእመን ሲያማትብ ይህችን ጣት ቀጥ አድርጎ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሙስሊሙም በሶላቱ ለተሸሁድ፣ ለምስክርነቱ ቃል፣ ሲቀመጥ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ቀስሮ የአላህን አንድነት ይመሰክራል።

ዐረቦችም ለዚህች ጣት ክፉ ስም ነበራቸው። «ሰባባ» ይሏታል፣ ተሳዳቢ እንደማለት፤ ሰው ሲሳደብ የሚቀስራት እሷን ነዋ። ለአምልኮ የምትነሣ ጣት ተሳዳቢ መባሏ ያልተዋጠላቸው ደግሞ «ሙሰቢሓ» አሏት፤ አወዳሽ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ያው ሌባ እንደተባለች ታማትባለች፣ ትመሰክራለች። ይህ በጣም ደስ ይለኛል፤ ስሟን ሳናነጻ ለጸሎት አምነናታል።

ለዚህ ነው ለልጆች የጣቶችን ስም ስነግር ከአውራ ጣት ቀጥዬ፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ ሌባ ጣት የምለው።