እሑድ ለኳስ የምታደርጉት መነጽር

እህቶቼ፣ ዛሬ ስለ ኮንትራት ወይም ስለ ደመወዝ አይደለም የማወራችሁ፤ ስለ ዓይናችሁ ነው። ከመካከላችሁ እሑድ እሑድ ከስሪላንካ ልጆች ጋር ክሪኬት መጫወት የጀመራችሁ አላችሁ። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ መነጽር የምታደርጉ አላችሁ። «በመነጽሬ ብጫወት ምን ችግር አለው?» ብላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል።

ክሪኬት እኛ አገር ብዙም አይታወቅም። እኔም ቤይሩት መጥቼ ነው ያየሁት። ለስሪላንካ፣ ለሕንድ፣ ለፓኪስታንና ለባንግላዴሽ ሰው ግን እንደኛ እግር ኳስ ነው። እሑድ የመኪና ማቆሚያው ባዶ ሲሆን እንጨት ተክለው ይጫወታሉ። ስድስት ቀን ጎንበስ ብሎ ሲወለውል ለሰነበተ ወገብ፣ መሮጥና መሳቅ መድኃኒት ነው። አትጫወቱ ልላችሁ አልመጣሁም።

ግን ኳሱን እንወቀው። ብዙ ጊዜ የሚጫወቱት በናስትሮ በተጠቀለለ የቴኒስ ኳስ ነው። የቴኒስ ኳስ ወደ 58 ግራም ትመዝናለች። ናስትሮው ሲጠቀለልባት ትጠነክራለች፣ ፍጥነትም ትጨምራለች። እሷም ብትሆን ዓይን ላይ ካረፈች ትጎዳለች። ዋናው የክሪኬት ኳስ ደግሞ ውስጡ ቡሽና ክር፣ ላዩ ቆዳ ነው። የሴቶቹ ከ140 እስከ 151 ግራም፣ የወንዶቹ ወደ 160 ግራም ይደርሳል። እንደ ድንጋይ ነው።

የሚጎዳው ኳሱ ብቻም አይደለም። በ2012 የደቡብ አፍሪካው ማርክ ባውቸር እንግሊዝ አገር ሲጫወት፣ በተተከሉት እንጨቶች አናት ላይ የምትቀመጠው ትንሽ እንጨት ተፈናጥራ ግራ ዓይኑን መታችው። በዚያው የብሔራዊ ቡድን ጨዋታው አበቃ። በዓለም ታዋቂ ከሆኑት አንዱ ነበር። ያን ዕለት ዓይኑን የሚሸፍን ነገር አላደረገም ነበር።

አሁን ወደ መነጽሩ። የዘወትር መነጽር የተሠራው ለማየት እንጂ ለመከላከል አይደለም። ኳስ ሲመታው ሌንሱ ሊሰበር፣ ወይም ሳይሰበር ከፍሬሙ ወጥቶ ወደ ዓይን ሊገባ ይችላል። የማውቃት አንዲት እህት በዘወትር መነጽሯ ስትጫወት ኳስ መታት። የተሰበረው ሌንስ የዓይኗን ቆብ ቀደደው፤ ዓይኗ ለጥቂት ተረፈ። ፍሪላንስ ስለነበረች ያልሠራችበት ቀን አልተከፈላትም። ድና ስትመለስ ሁለቱ ማዳሞቿ ሌላ ሰው አስገብተዋል። ለእናቷ የምትልከውም በዚያው ተቋረጠ። እኛ ዓይናችንን ያጣን ቀን ሥራችንንም እናጣለንና ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሌንሱ ከፖሊካርቦኔት የተሠራ ይሁን። ዋናው ነገር ይህ ነው። በማዳም ቤት ተሸክማችሁ የውሃ ማቀዝቀዣው ላይ የምትገለብጡትን ትልቁን ሰማያዊ የውሃ ጋሎን ታውቁታላችሁ አይደል? ብዙ ጊዜ እሱ ከፖሊካርቦኔት ነው የሚሠራው። ከእጅ ቢወድቅ ይነጥራል እንጂ እንደ ብርጭቆ አይበተንም። ጨረቃ ላይ የወጡት ሰዎች የራስ ቁርም ከዚሁ ነበር የተሠራው። ለኳስ ሲሆን የሌንሱ መሃል 3 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው ጠይቁ። የመስታወት ሌንስ ግን፣ ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም፣ ሜዳ አይግባ።

ሌንሱ ብቻውን አይበቃም። ጠንካራ ሌንስ በደካማ ፍሬም ላይ ከተገጠመ ተገፍቶ ዓይን ላይ ይመጣል። ፍሬም የሌለው ወይም ቀጭን ሽቦ የሆነ አይሁን። ለስፖርት ተብሎ የተሠራ፣ ወፍራም ፕላስቲክ፣ አፍንጫና ግንባር የሚነካው ቦታ ላይ ስፖንጅ ያለው፣ ከኋላ በላስቲክ የሚታሰር ይሁን። የጎኑ ክፍት ቦታ ኳስ የሚያሳልፍ መሆን የለበትም። ትንንሽ የአየር ቀዳዳ ካለው ላብ ቶሎ አያደበዝዘውም። ፍሬሙ ላይ በላቲን ፊደል ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ኤፍ እና 803 የሚል ቁጥር ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። ለስፖርት መነጽር የወጣ የአሜሪካ መለኪያ ነው፤ የክሪኬት ዘመድ የሆነውን ቤዝቦልንም ይጨምራል።

ሱቅ ስትገቡ «ነዳራት ሪያዳ» በሉ። ቀጥሎ «ቦሊካርቦናት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዓረቦች «ፐ» ስለሌላቸው እንዲህ ነው የሚሉት። የፍሬሙንና የሌንሱን ዋጋ ለየብቻ ይንገሯችሁ፤ አንዳንዱ ሱቅ ፍሬሙን አርክሶ በሌንሱ ላይ ይጨምራል። ካደረጋችሁት በኋላ አፍራችሁ አትቁሙ። ዝለሉ፣ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ወለል እንደምትወለውሉ ጎንበስ በሉ። ከተንሸራተተ አይሆንም። ሹሩባ ከተሠራችሁ ወይም ሻሽ ካሰራችሁ፣ እንደዚያው ሆናችሁ ላስቲኩን ለኩት። ፊታችሁ ትንሽ ከሆነ የልጆች ቁጥር አምጡልኝ በሉ፤ ነውር የለውም። ጨዋታው ወደ ማታ ስለሚሆን ጥቁር ሌንስ አትግዙ።

ከሁሉ በፊት ግን ዓይናችሁን ተመርመሩ። ከአገር ቤት እስክንወጣ ድረስ ዓይናችንን አንድም ቀን ያልተመረመርን ስንቶች ነን! አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ማዳም «ይቺ አታይም» ብላ ትመልሰኛለች ብላችሁ መነጽራችሁን ሻንጣ ውስጥ ትደብቃላችሁ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። የመድኃኒቱን ጽሑፍ ሳታዩ ለልጅ ከምትሰጡ፣ ወይም የምድጃውን እሳት ሳታዩ ከምትነኩ፣ መነጽራችሁን አድርጋችሁ ብትሠሩ ለማዳምም ይሻላል። መንገሩ ከከበዳችሁ ወደ እኔ ኑ፤ እንዴት እንደሚባል አብረን እንለማመዳለን። የምርመራውን ወረቀት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። መነጽር ቢጠፋ ወይም ቤት ብትቀይሩ፣ በዚያው ቁጥር ማሠራት ትችላላችሁ፤ ካረጀ ግን እንደገና ተመርመሩ።

ፖሊካርቦኔት አንድ ድክመት አለው፤ ቶሎ ይጫጫራል። በሽርጣችሁ ጫፍ አትጥረጉት። በመስታወት ማጽጃ፣ በአሴቶን፣ በበረኪና አትንኩት፤ ሌንሱን ያበላሹታል። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቡና በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አድርቁት። አንድ ጊዜ በኃይል ከተመታ፣ ስንጥቅ ባይታይበትም ቀይሩት።

ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስስ? ከምት አይከላከልም። ቀኑን ሙሉ በረኪና በነካ እጅ ዓይን ውስጥ ማስገባቱም ሌላ ጣጣ ነው። ያንን ካደረጋችሁ ከላዩ የስፖርት መነጽር ያስፈልጋል። በቆዳ ኳስ የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ፣ በዱላ የምትመታዋም ሆነች ከእንጨቱ ኋላ የምትቆመዋ ፊቱ ላይ ብረት ያለው የራስ ቁር ታድርግ። እሱ ከሌለ ለስላሳ ኳስ ይምጣ በሉ፤ እነሱም ይረዷችኋል። ለጥሩ መነጽር ገንዘብ እስክታጠራቅሙ ድረስ ለስላሳ ኳስ ተጫወቱ፣ ወይም ነጥብ መዝግቡ።

ኳስ ዓይናችሁን ከመታ አትሹት፣ አትጫኑት። ስብርባሪ ከገባ ራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ። ያልተጫነ መሸፈኛ፣ የወረቀት ኩባያ ታችም ቢሆን፣ አድርጋችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ዓይን ውስጥ ደም ከታየ፣ አንዱ ነገር ሁለት ከሆነባችሁ፣ ብልጭ ብልጭ ካለ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ከበዛ፣ ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰላችሁ፣ ባያማችሁም ነገ አትበሉ። ሩቅ ለማየት የሚቸገሩና የመነጽር ቁጥራቸው ከፍ ያለ ሰዎች ከዓይን ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን በቀላሉ ሊላቀቅባቸው ስለሚችል፣ እናንተ በተለይ አትዘግዩ። ሊባኖስ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 140 ነው። በር ላይ «ጣዋሬ» በሉ፤ ድንገተኛ ማለት ነው። ቀጥሎ «ዳረበትኒ ጣቤ ዓ ዓይኒ» በሉ፤ ኳስ ዓይኔን መታኝ ማለት ነው። እስቲ አንድ ላይ እንበለው።

ሻይ ሲቀርብ መነጽራችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ጠረጴዛ ኑ፤ አንድ በአንድ እናየዋለን።