የድሮው ፋይል አዲሱ ኮምፒውተር ላይ

እሷ፦ ኮልፌ ቀራንዮ፣ አየር ጤና አካባቢ አንዱ ጽሕፈት ቤት ግባና የድሮ የአማርኛ ፋይል አስከፍት። የተጻፈበት ፎንት ካልተጫነ ገጹ በላቲን ፊደልና በምልክት ተሞልቶ ይመጣል።

እሱ፦ የድሮዎቹ ፎንቶች ለፊደሎቻችን የየራሳቸውን ኮድ ይሰጡ ስለነበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ የሆነው ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል አካተተ። እዚያ አንዴ ኮድ የተሰጠው ፊደል አይሰረዝም፣ ቦታም አይቀይርም።

እሷ፦ ታዲያ የፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ፓይተን እንደ ዩኒኮድ የድሮውን ለምን አልጠበቀም? እ.ኤ.አ. በ2008 ፓይተን 3 ሲወጣ በፓይተን 2 የተጻፈ ስንት ፕሮግራም አልሠራ አለ! «ፕሪንት» የምትለዋ ትእዛዝ እንኳ ያለ ቅንፍ ስሕተት ሆነች። የፓይተን 2 ድጋፍ እስከ 2020 መጎተቱ የሰዉን ችግር ያሳያል።

እሱ፦ ከባድ ነበር፣ አልክድሽም። ለአማርኛ ግን በጀ። ፓይተን 2 ውስጥ «ሰላም» ብለሽ ጽፈሽ ርዝመቱን ብትጠይቂ በዩቲኤፍ 8 ባይቱን ቆጥሮ ዘጠኝ ይልሽ ነበር፤ ፓይተን 3 ፊደሉን ቆጥሮ ሦስት ይላል። የተለዋዋጭ ስምም በአማርኛ ይቀበላል።

እሷ፦ ይሁን። እኔ የምሟገተው ግን የድሮ ውሏን ማንበብ ላቃታት ባለጉዳይ ነው። መለወጫ ሳያዘጋጁ መቀየር በደል ነው።

እሱ፦ የፓይተን ሠሪዎች የድሮውን ፕሮግራም መለወጫ አብረው አውጥተዋል። ለባለጉዳይዋ ውል ደግሞ፣ የድሮ ፎንት ወደ ዩኒኮድ የምትለውጡ የአየር ጤና ልጆች ካላችሁ፣ እስቲ ደውሉልን።