የአርማታው ኪዩብ

እሷ፦ ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ታች ሜዳው ላይ ፎቅ በፎቅ እየሆኑ ነው። አርማታ ሲሞላ ግን ጥቂቱ ወደ ብረት ሳጥን ሲገባ አያለሁ። ለምንድን ነው?

እሱ፦ ለፍተሻ ነዋ እህቴ። የሳጥኑ ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ 15 ሴንቲ ሜትር ነው። 15 በ15 በ15 ስታባዢው ይዘቱ 3,375 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሦስት ሊትር ተኩል አይሞላም። ሲጠነክር ስምንት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዚህ በጣም ከቀለለ አርማታው በደንብ አልተጠቀጠቀም፣ አየር ይዟል ብለሽ ጠርጥሪ።

እሷ፦ የገጽ ስፋቱስ? ብዙ ተማሪ ከይዘት ጋር ያምታታዋል።

እሱ፦ አንዱ ገጽ 15 በ15፣ 225 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ኪዩብ ስድስት እኩል ገጽ ስላለው ጠቅላላው 1,350 ይመጣል። ፍተሻው የሚፈልገው ግን አንዱን ገጽ ብቻ ነው። ኪዩቡ አርማታው ከተሞላ በ28ኛው ቀን መጭመቂያ ማሽን ውስጥ ገብቶ እስኪሰበር ይጫናል፤ የሰበረው ኃይል ለዚያ ገጽ ስፋት ይካፈላል። ሲ-25 ከሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ 57 ቶን ገደማ መሸከም ይጠበቃል።

እሷ፦ ያች ትንሽ ኪዩብ!

እሱ፦ አዎን። 15ቱን ጎን 14 ብሎ የለካ ሰው ጥንካሬውን በ15 በመቶ ገደማ አጋኖ ይጽፋል። ይህ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

እሷ፦ ቤት የምታሠሩ ወገኖቻችን፣ የ7ኛውንና የ28ኛውን ቀን የኪዩብ ውጤት ከተቋራጫችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።