የቲሙ ልጅ ከመጨረሻው ደወል በኋላ

(በረጂዎችና በአሳዳጊዎች ስብሰባ ላይ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ያደረጉት ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው፤ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ረጂዎች፤ የቲሞችን የምታሳድጉ እናቶች፣ አያቶች፣ አጎቶችና አክስቶች፤

በዚህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ስለ ደንብ ልብስ፣ ስለ ደብተር፣ ስለ ቀለብና ስለ ሕክምና ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። እኔ የተጋበዝኩት የተማሪ ክበባትን ከሚያስተባብሩ መምህራን አንዱ በመሆኔ ስለሆነ፣ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ አንድ ጉዳይ እናገራለሁ። የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ከሆነም ክፍል በማይገባበት ግማሽ ቀን፣ የምትረዱት ልጅ የት ነው ያለው?

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደጃፍ የመርገጥ ዕድል ያላገኙ እናቶች በመካከላችን ስላሉ ክበብ ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ። በዓመቱ መጀመሪያ ተማሪዎች በየዝንባሌያቸው ይመዘገባሉ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ችግኝ ያፈላል፤ ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜናና የጥያቄና መልስ ዝግጅት ያሰማል፤ የቀይ መስቀል ክበብ የመጀመሪያ ርዳታ አሰጣጥን ያለማምዳል፤ የሳይንስ፣ የቋንቋ፣ የሥነ ዜጋ፣ የሴት ተማሪዎችና የበጎ አድራጎት ክበባትም አሉ። እያንዳንዱ ክበብ ተጠሪ መምህር አለው። ተማሪዎቹም ከመካከላቸው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ብቻ ስሙ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ክበብ መኖሩን አልክድም። በሥራ ላይ ያለው ክበብ ግን ተማሪው ከደብተር ውጪ ያለውን ችሎታውን የሚያገኝበት ስፍራ ነው።

በክበባት መዝገብ ላይ የየቲሞችን ስም ፈልጌ ብዙ ጊዜ አጣለሁ። ችሎታ አንሷቸው አይደለም። ደወሉ እንደተደወለ አንዷ ታናናሾቿን ለመጠበቅና እንጀራ ለመጋገር ትሮጣለች፤ ሌላው ሱቅ ይላላካል ወይም ዕቃ ይሸከማል። በክበብ ቀን አምሽቶ በእግሩ መሄድ የማይችለው ልጅ የታክሲ ሳንቲም የለውም። ለስፖርት ቡድን የተመረጠው ደግሞ ጫማው አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቀደደ ነገ ክፍል የሚገባበት የለውም። እንዲህ ያለው ልጅ «አልፈልግም» ብሎ ይቀራል እንጂ «የለኝም» አይልም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? አባት ያለው ልጅ ከአባቱ የሚያገኘው ቀለብና ልብስ ብቻ ስላልሆነ ነው። የአባቱ ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦቹና የመስጊዱ ጀመዓዎች ልጁን ያውቁታል፤ «የእገሌ ልጅ» ይሉታል። ሥራ ሲፈልግ የሚነግሩለት፣ ሲያጠፋ የሚገሥጹት፣ ሲጨንቀው የሚጠጋቸው እነርሱ ናቸው። አባት ሲሞት ይህ ሁሉ ቀስ በቀስ ይርቃል። ዱቄቱን ማኅበሩ ሊተካ ይችላል፤ ይህንን ግን በየወሩ በሚላክ ገንዘብ ብቻ መተካት አይቻልም። 60 ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ መምህሩ ዝምተኛውን ልጅ አያውቀውም። 20 ልጆች ባሉበት ክበብ ውስጥ ግን ያውቀዋል፤ መቅረቱን ያስተውላል፤ ለምን እንደቀረም ይጠይቃል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ሳይወለዱ አባታቸውን፣ በ6 ዓመታቸው እናታቸውን እንዳጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አያታቸው ዐብዱል ሙጦሊብ ካለፉ በኋላ ያሳደጓቸው አጎታቸው አቡ ጧሊብ የቤተሰብ ሸክም የበዛባቸው፣ ሀብታቸው ያነሰ ሰው ነበሩ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት ወደ ሻም ለንግድ ሲወጡ የወንድማቸውን ልጅ ይዘው ሄደዋል። የቲምን ማብላት አንድ ነገር ነው፤ ይዞት ወጥቶ ሰውና አገር ማሳየት ሌላ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወጣትነታቸውም በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት በተደረገው፣ የተበደለን ለመርዳት ቃል በተገባበት በሒልፉል ፉዱል ላይ ተገኝተዋል። የትምህርት ቤት ክበብን ከዚያ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም፤ ነገር ግን ወጣት ለበጎ ሥራ መሰባሰቡ ጊዜ ማባከን ነው ለሚሉኝ ወላጆች ይህን አስታውሳቸዋለሁ።

ስለ ሴት ልጆቻችን ለብቻው መናገር ይገባኛል። እናት የሌላት ልጅ የወር አበባዋ ሲመጣ ማንን ትጠይቃለች? አያቷን ታፍራለች፤ አጎቷንማ ጭራሽ። አንዳንዶቹ በዚያ ሳምንት ከትምህርት ይቀራሉ፤ እኛም «ቀሪ» ብለን እንመዘግባለን። የሴት ተማሪዎች ክበብ በደህና በሚሠራበት ትምህርት ቤት አንዲት መምህርት ትመደባለች፤ አነስተኛ ክፍል ትዘጋጃለች፤ የንጽሕና መጠበቂያና ውኃ ይቀመጥባታል። ልጅቷ እዚያ ገብታ ያለ ሐፍረት ትጠይቃለች። የቲሟ የአንድ ክበብ ብቻ አባል እንድትሆን ቢፈቀድላት እንኳ ይህ ክበብ እንዲሆን እመክራለሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ቅር የሚያሰኘኝ ነገር ልምጣ። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበባት በየትምህርት ቤቱ በተስፋፉበት ዘመን፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት፣ ብዙ ልጆች ወላጆቻቸውን በዚያ በሽታ አጥተው ነበር። ክበባቱ በድራማና በግጥም መገለልን ተቃውመዋል፤ ይህ ውለታቸው አይረሳም። ሆኖም ለልጆቹ ርዳታ ሲሰጥ ስማቸው በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ እየተጠራ፣ ተማሪው ሁሉ እያየ ደብተር የሚቀበሉበት አሠራር ነበር። በበጎ አድራጎት ክበባት ዘንድ ይህ ልማድ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። 16 ዓመት የሞላው ልጅ በጓደኞቹ ፊት «የየቲሞች ተራ» ተብሎ ከሚጠራ ያለ ደብተር መማርን ይመርጣል። ረጂዎች ሆይ፣ ስጦታችሁን በትምህርት ቤት በኩል የምትሰጡ ከሆነ በቢሮ፣ በር ተዘግቶ እንዲሰጥ ጠይቁ፤ ፎቶግራፍም አትጠይቁ።

የቲሙ ሁልጊዜ ተቀባይ እንዲሆን አድርገን ያሳደግነው እኛው ነን። ያው ልጅ በቀይ መስቀል ክበብ ውስጥ የወደቀ ጓደኛውን ቁስል ሲያስር፣ ወይም ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ ሲያስጠና ሰጪ ይሆናል። በመድረሳ ያደጉ ልጆች ደግሞ ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ማንበብን ቀድመው ስለለመዱ፣ አንዳንዶቹ ለሚኒ ሚዲያው ከሁሉ የተሻሉ አንባቢዎች ሲሆኑ አይቻለሁ።

አሳዳጊዎች የሚያነሡት ስጋት ከንቱ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው የፈተናው ነው። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን የሰማች አያት «ክበቡ ይቅር፣ ልጄ ያጥና» ብትል ማን ይፈርድባታል? እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሦስት ክበብ ውስጥ ሲሯሯጥ ባይ እከለክለዋለሁ። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ክበብ የተከለከለው የቲም በዚያ ሰዓት እያጠና ነው ወይስ እየተላላከ? ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ልጅ በሳምንት የ2 ሰዓት ክበብ ውጤቱን አይጥልበትም። የቋንቋ ወይም የሒሳብ ክበብ ከሆነማ ያነሣዋል።

ሁለተኛው ስጋት ሃይማኖትን የሚመለከት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ክበባትም የየትኛውም ሃይማኖት መድረክ አይደሉም፤ የሁሉም ልጆች በአንድነት ይሠሩባቸዋል። የክበቡ ቀን ከመድረሳ ቀን ጋር ከተጋጨ ለተጠሪው መምህር ንገሩት። ሦስተኛው ስጋት የምሽት መንገድ ነው። ይህን እኔም እጋራዋለሁ፤ ሴት ልጆች ያሉበት ክበብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ መቆየት የለበትም። አንድ ሰፈር የሚኖሩትም አብረው እንዲሄዱ መደረግ አለበት። ቤት ውስጥ የልጁ ጉልበት ግድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ በሳምንት አንዱን ቀን ብቻ ልቀቁለት፤ የትኛው ቀን እንደሚሻል ከመምህሩ ጋር ተመካከሩ። ትምህርት ቤት የምትመጡት ልጁ ሲያጠፋ ብቻ አይሁን።

ረጂዎች በየመንፈቁ የውጤት ካርድ ይላክላችኋል። አማካዩን አይታችሁ ትደሰታላችሁ ወይም ታዝናላችሁ። ለልጁ በምትልኩት መልእክት ላይ «በየትኛው ክበብ ነህ? እዚያ ምን ትሠራለህ?» የሚል ጥያቄ ጨምሩበት፤ መልሱ ከካርዱ የማታገኙትን ይነግራችኋል። ከአቅማችሁ የተረፈ ካለ ደግሞ ለክበብ ቀን የታክሲ ሒሳብና ለስፖርት የሚሆን ሁለተኛ ጫማ ከድጋፉ ጋር ቢታሰብ እላለሁ።

የማኅበሩን ኃላፊዎች የምለምነው አንድ ነገር ነው። የየቲሞች መከታተያ ቅጽ ላይ የክፍል፣ የውጤትና የጤና መስመሮች አሉ። ከእነዚህ በታች «ክበብ፦» የሚል አንድ መስመር፣ ከጎኑም «ካልሆነ ምክንያቱ፦» የሚል ሌላ መስመር ይጨመርልን። በመጪው ዓመት ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ቢደርሰን እኛ መምህራን እንሞላዋለን።