ከክሱ በፊት ሒሳቡን እንይ
(በሰፈራችን ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በትራንስፖርት ጉዳይ ኮሚቴ የቀረበ ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ ነዋሪዎች ሲባል ሙሉ ቃሉ እዚህ ተለጥፏል።)



ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ እጅ እያወጣችሁ የተናገራችሁት በአብዛኛው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ስለ ትራንስፖርት። ጠዋት ድልድዩ አጠገብ ካለው ተራ አንድ ሰዓት ቆሞ መዋል፣ ሜክሲኮ የሚል ታፔላ የሰቀለው ታክሲ መገናኛ ሲደርስ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ማለቱ፣ ሲመሽ ታሪፍ መጨመሩ፣ የረዳቶቹ ስድብ፣ ይህ ሁሉ ተነሥቷል። በመጨረሻም «ማኅበሩ የክስ ደብዳቤ ይጻፍ፤ እነዚህ ታክሲዎች ከተራችን ይነሡልን» የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ኮሚቴያችን ነገሩን አጣርቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ።

እኛም የታዘዝነውን ሠርተን መጥተናል። ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ እየተፈራረቅን ተራው ላይ ቆመናል። ከሹፌሮችና ከረዳቶች ጋር ሻይ ጠጥተናል። ሁለት ባለመኪናዎችን አነጋግረናል። በከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ብዙ ዘመን አገልግለው በጡረታ ላይ የሚገኙ የሰፈራችን አባትም ብዙ ነገር አስረድተውናል። ዛሬ ይዘን የቀረብነው ፍርድ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። ሒሳቡን ካያችሁ በኋላ ደብዳቤው ምን ይበል የሚለውን እናንተው ትወስናላችሁ።

በመጀመሪያ የሚኒባሱን እንመልከት። ብዙዎቻችን ሹፌሩ ደመወዝ የሚበላ ይመስለናል። አይደለም። እኛ ያነጋገርናቸው ሁሉ የሚሠሩት በቁርጥ ነው። ይኸውም ሹፌሩ ማታ ለባለመኪናው የሚያስረክበው የተወሰነ ገንዘብ አለ። ነዳጁን የሚቀዳው እሱ ነው። ለተራ ይከፍላል፤ ለረዳቱ ይሰጣል፤ ቅጣት ከመጣም የእሱ ነው። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው ናት የልጆቹ እንጀራ። ታዲያ መንገድ ተዘጋግቶ ወይም ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ግማሽ ቀን ቢቀርበት፣ የባለመኪናው ገንዘብ በግማሽ አትቀነስለትም። ጠዋት የሚሠራው ለባለመኪናው ነው፤ ከቀትር በኋላ ለነዳጁ፤ ለቤቱ የሚሠራው ማታ ነው። ማታ እንደዚያ የሚያጣድፈው ይኸው ነው።

ረዳቱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። «ወያላ» እያልን የምንጠራው ልጅ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሲጣራ ይውላል፤ ማታ ድምፁ ተዘግቶ ይገባል። ቢታመም የሚከፍለው የለም። ጡረታ የሚባል ነገር አያውቅም። ከመካከላቸው መኪናው ውስጥ የሚያድሩ አግኝተናል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ እኮ እዚህ የተቀመጡ እናቶች ልጆች ናቸው!

አሁን አንድ ምሳሌ እናስላ። ቁጥሩን የወሰድነው ለማስረዳት ያህል ነው እንጂ ታሪፍ አይደለም። ታክሲው 12 ተሳፋሪ ይጫን፤ ከሰፈራችን እስከ ሜክሲኮ ያለው ሒሳብም በሰው 20 ብር ይሁን። ጠዋት ሞልቶ ሲወጣ 240 ብር ያገኛል። ሲመለስስ? በማለዳ ወደ ሰፈራችን የሚመጣ ማን አለ? 3 ሰው ቢያገኝ 60 ብር ነው። በደርሶ መልስ 24 ወንበር ይዞ ተጉዞ የተከፈለው የ15ቱ ብቻ፣ 300 ብር ነው ማለት ነው። ነዳጁ ግን ወንበሩ ባዶ ነው ብሎ አይቀንስም። እኛ ተሰልፈን «ታክሲዎቹ የት ገቡ?» በምንልበት ሰዓት፣ እነሱ ባዷቸውን በመመለስ ላይ ናቸው።

መንገድ ማቆራረጥ የሚባለውም የመጣው ከዚሁ ነው። አጭር መንገድ በኪሎ ሜትር ሲታሰብ ከረጅሙ ይወደዳል። በምሳሌያችን እስከ መገናኛ 12 ብር፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ሌላ 12 ብር ይሁን። ሙሉው መንገድ 20 ብር የነበረው ሲቆረጥ 24 ብር ሆነ። ሹፌሩም መገናኛ ላይ አራግፎ ቶሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የመንገድ መዘጋጋት አያየውም። ለእሱ አዋጭ ነው። ለእኛስ? 4 ብር ምን አላት እንል ይሆናል። በደርሶ መልስ 8 ብር ናት፤ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ሰው 208 ብር ናት። ሁለት ጊዜ መሰለፉ ሲጨመርበት ደግሞ ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይሆንም። በማለዳ ለቢሮ ጽዳት የምትወጣ አንዲት ጎረቤታችን፣ ባረፈደች ቁጥር ከደመወዟ እንደሚቆረጥባት ነግራናለች። ልጆቿን ተኝተው ትታ ትወጣለች፤ ተኝተው ታገኛቸዋለች። የተቆረጠው መንገድ የሚቆርጠው ከእሷ ላይ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ አውቶቡስ እንሂድ። አንበሳ አውቶቡስ በ1930ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረ፣ ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት የሆነ፣ ቀይና ቢጫ ቀለሙን ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው ነው። ከ2008 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ሸገር ተጨምሯል። ብዙዎቻችን «መንግሥት አውቶቡስ ይጨምርልን» እንላለን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አባታችን እንዳስረዱን፣ የአውቶቡስ ወጪ የሚመጣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓትና ከማታው ሁለት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የሚፈለጉት አውቶቡሶች ብዙ ናቸው፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ግማሾቹ ሥራ ይፈታሉ። መግዣው፣ ጋራዡ፣ የመካኒኩ፣ የሹፌሩና የቲኬት ቆራጩ ደመወዝ ግን የሙሉ ቀን ነው። በዚያ ላይ አውቶቡሱ ከማደሪያው፣ ከየካም ይሁን ከሸጎሌ ወይም ከመካኒሳ፣ ወደ መስመሩ የሚሄደው ባዶውን ነው። ሹፌሩ እኛ በተኛንበት በሌሊት ይነሣል፤ የማታ ፈረቃ የደረሰውም ቤቱ የሚገባው ሰው ከተኛ በኋላ ነው።

ታሪፉ ይህን ወጪ አይሸፍንም፤ እንዲሸፍንም ተብሎ አልወጣም። ልዩነቱን የሚደጉመው የከተማው አስተዳደር ነው። ድጎማ ማለት እኮ ሌላ ነገር አይደለም፤ በግብር የከፈልነው የራሳችን ገንዘብ ነው። ስለዚህ አውቶቡስ ስንጠይቅ ምጽዋት እንደሚለምን ሰው አንጎንበስ፤ ግን በምን ሰዓትና በየት በኩል እንደምንፈልግ ለይተን እንጠይቅ።

ሌላው ነዳጅ ነው። የነዳጅና የታሪፍ ነገር በአገራችን ትንሽ ነገር ሆኖ አያውቅም። በየካቲት 1966 ዓ.ም የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቁመው ከተማዋ ቀጥ ማለቷን ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። በኋላ ምን እንደተከተለ ታሪክ መዝግቦታል። በቅርቡም በሐምሌ 2014 ዓ.ም አጠቃላዩ የነዳጅ ድጎማ እየተነሣ፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲቀር ሲወሰን ቤንዚን በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ ጎማው፣ ፍሬን ሸራው፣ ባትሪው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው ሰማይ ነካ። ባለመኪናውም ያነጋገረን እያማረረ ነው። አንዱ እንዲያውም፣ «ጎማ ልቀይር ስል የሦስት ሳምንት ገቢዬ ይሄዳል» ብሎናል። ላለመቀየር ያመነታል ማለት ነው። በዚያ ባለቀ ጎማ ላይ የሚሄዱት ደግሞ የእኛ ልጆች ናቸው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ጥፋተኛውን ነጻ ለማውጣት አይደለም። ታሪፍ መጨመር ጥፋት ነው። ትርፍ መጫን ጥፋት ነው። ሽማግሌ «ወራጅ አለ» እያለ ሦስት መቶ ሜትር አሳልፎ ማውረድ ነውር ነው። ይህንን ለሹፌሮቹም ፊት ለፊት ነግረናቸዋል። እኛ የምንለው፣ አንዱን ታክሲ ብናስነሣ በምትኩ የሚመጣውም በዚያው ቁርጥ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ በሳምንቱ ያንኑ ይሠራል። የምናሳድደው ሰውን ነው፤ ሒሳቡ ግን እዚያው ተቀምጧል።

እንግዲህ ኮሚቴያችን የሚያቀርባቸው ሐሳቦች አራት ናቸው።

አንደኛ፤ ደብዳቤው «ታክሲዎቹ ይነሡ» አይበል። ይልቁን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ሰዓታቸው የታወቀ ሁለት አውቶቡሶች ከድልድዩ እስከ ሜክሲኮ እንዲመደቡልን፣ በዚያው ሰዓትም መገናኛ ላይ ታፔላ የሚቆጣጠር ሰው እንዲቆም ይጠይቅ። ተራው ላይ ቆመን የቆጠርነውን የሰልፈኛ ብዛት በየሰዓቱ ለይተን አባሪ እናደርጋለን። ቁጥር የያዘ ደብዳቤ በቀላሉ መሳቢያ ውስጥ አይቀርም።

ሁለተኛ፤ በሰፈራችን የሚኖሩትን ባለመኪናዎች ማኅበሩ ለውይይት ይጥራ። ቁርጡ ቀርቶ ከዕለቱ ገቢ በድርሻ ቢካፈሉስ? ሥራ በቀዘቀዘ ቀን ጉዳቱን ሹፌሩ ብቻ ባይሸከመው፣ መንገድ የሚያቆራርጥበት ምክንያት ይቀንሳል። ካነጋገርናቸው አንዱ «ሹፌሩ ገቢውን ይደብቀኛል» ብሎ ሲፈራ፣ ሌላው ልሞክረው ብሏል።

ሦስተኛ፤ ከእኛ የሚጠበቅ አለ። ሰልፍ እንያዝ፤ ነፍሰ ጡርና አቅመ ደካማ እናስቀድም። ዝርዝር ይዘን እንውጣ፤ በመልስ የሚነሣው ጠብ ግማሹ በዚህ ይቀራል። ከመሳፈራችን በፊት «እስከ መጨረሻው ነው?» ብለን እንጠይቅ። ተቆርጦ ካወረደንም ከመሳደብ ይልቅ የሰሌዳ ቁጥሩንና ሰዓቱን ጽፈን ለኮሚቴው እንስጥ።

አራተኛ፤ ተራው ላይ ዝናብና ፀሐይ የሚከልል መጠለያ በመዋጮ እንሥራ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ቆርቆሮ እንሰጣለን ያሉ ሁለት ቤተሰቦች ከወዲሁ አሉ፤ ከረዳቶቹም ሦስቱ በጉልበት እናግዛለን ብለዋል። ቦታው የመንገድ ዳር ስለሆነ መጀመሪያ ወረዳውን እናስፈቅዳለን።

ወገኖቻችን፤ ጠዋት ጠዋት ድልድዩ ጋ የምንገናኘው ሰዎች ሁላችንም እንጀራ ፍለጋ የወጣን ነን፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውም፣ መሪውን የያዘውም፣ በሩ ላይ የተንጠለጠለውም። ያቺ ለጽዳት ሥራ የምትወጣ ጎረቤታችን በሰዓቷ ትድረስ፤ ሹፌሩም ሳይሰርቃት ልጆቹን ያብላ። ደብዳቤው ሁለቱን አንድ ላይ እንዲጠይቅ ነው ሐሳባችን።

ሐሳቦቹ በሚቀጥለው እሑድ ከሰዓት በኋላ በ9 ሰዓት ለድምፅ ይቀርባሉ። ሹፌሮችና ረዳቶችም ተጠርተዋል። ማስተካከያ ያላችሁ ጽፋችሁ ከዚህ ሰሌዳ በታች ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን።



የትራንስፖርት ጉዳይ ኮሚቴ