ሴዳር ፖይንት መቼ ይኬድ?

አቅራቢ አንድ፦ ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬደው፣ በ1870 እ.ኤ.አ. በኢሪ ሐይቅ ዳር በሳንደስኪ የተመሠረተው ሴዳር ፖይንት የተባለው የመዝናኛ ፓርክ በበረዶው ወራት ዝግ ስለሆነ፣ ሕዝቡ በጥቂት የሙቀት ወራት መሽቀዳደሙ፣ የጁላይ ቅዳሜዎችም መጨናነቃቸው አያስገርምም።

አቅራቢ ሁለት፦ ዋናው ምክንያት ግን የእያንዳንዱ መጫወቻ የማስተናገድ አቅም፣ ማለትም በአንድ ሰዓት ሊያሳፍር የሚችለው የሰው ቁጥር ውስን መሆኑ ነው፤ ከዚያ በላይ የመጣው ሁሉ ወረፋ ላይ ይከማቻል፣ የተከማቸውም ቶሎ አይቃለልም። ስለዚህ በር ሲከፈት የደረሰ ሰው ወደ ኋላ ዘልቆ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን ስቲል ቬንጀንስ የተባለ ሮለር ኮስተር፣ ይኸውም በሐዲድ ላይ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወር ባቡር፣ ቢያስቀድም ይሻለዋል፤ ብዙው ሰው መግቢያው አካባቢ ባገኘው የመጀመሪያ ሰልፍ ላይ ይቆማልና።

አቅራቢ አንድ፦ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ሆኖም እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ከኮሎምበስ የሚነሣ ቤተሰብ የሚደርሰው ወረፋው በበረታበት ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ ማክሰኞን ወይም ረቡዕን መምረጡ አይከፋም።

አቅራቢ ሁለት፦ በተለይ ትምህርት ቤቶች በሚከፈቱበት በኦገስት መገባደጃ የሥራ ቀናት ይቀላሉ። ከሌበር ዴይ፣ ማለትም ከሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ በኋላ ግን ፓርኩ በአብዛኛው በሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ስለሚከፈት፣ የሃሎዊን ትርኢት የሚቀርብባቸው የኦክቶበር ቅዳሜዎች እጅግ ይጨናነቃሉ። ጠዋት ዝናብ ካካፋም ብዙው ሰው ስለሚቀር ጃኬት የያዘ ያተርፋል፤ መብረቅ ከታየ ግን ረጃጅሞቹ መጫወቻዎች ይቆማሉ።