ጭድ በጭቃ፥ ብረት በአርማታ

(በኅብረቱ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣነው ነገር ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ሐሳቡ በአገራችን ቤት ግድግዳ ውስጥ የኖረ ነው። አባቶቻችን ቤት ሲመርጉ የጤፍ ጭድ በጭቃው ላይ ነስንሰው፥ በእግር ረግጠው፥ እስኪቦካ ድረስ አቆይተው ነው። ጭድ የሌለው ጭቃ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፤ ጭድ ያለው ግን ቢሰነጠቅም እርስ በርሱ ተያይዞ ይቆያል።

አርማታም እንደዚሁ ነው። ሲጫኑት ብርቱ፥ ሲስቡት ደካማ ነው። ስቦ ለመበጠስ የሚበቃው ኃይል፥ ጨፍልቆ ለመስበር ከሚያስፈልገው ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ብቻ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. ሮሙአልዲና ባትሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ተቀራርበው የገቡ ቀጫጭን ሽቦዎች ስንጥቅ እንዳይስፋፋ እንደሚያግዱ በአሜሪካ አገር ጽፈው አሳተሙ። ዛሬ የሚሠራበት የብረት ክር ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ጫፉም እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ አርማታ ከ20 እስከ 40 ኪሎ ያህል ይጨመራል።

አሁን ልብ አድርጉልን። ክር ሲጨመር አርማታው የሚሸከመው ጭነት እጥፍ የሚሆን የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይህ ስሕተት ነው። በዚህ መጠን የጭነት ጥንካሬው እምብዛም አይለወጥም፤ ጥቅሙ የሚገለጠው ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። አንድ የአርማታ ዘንግ ሁለት ጫፉን አሳርፈን መካከሉን ብንጫነው፥ ክር የሌለው እንደ ተሰነጠቀ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ክር ባለው ግን ክሮቹ ስንጥቁን እንደ ድልድይ ተሻግረው ይይዙታል። ስንጥቁ እንዲሰፋ እያንዳንዱ ክር መንጠቆው ተቃንቶ ከተቀበረበት ተጎትቶ መውጣት አለበት፤ የሚሰብረውም ኃይል በዚህ ጉተታ ላይ ያልቃል። ድንገት የሚሰበር ነገር ሰው ይገድላል፤ እያስጠነቀቀ የሚሰበር ግን ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣል።

ሆኖም ክር ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። ሲበዛ በቤቶኔራው ውስጥ ይቋጠራል፥ አርማታውም አልፈስ ይላል፤ እንዲፈስ ብለው ውሃ ቢጨምሩበት ደግሞ ይደክማል። ከዚህም በላይ ፌሮ ኃይል በሚበረታበት ስፍራ ተለክቶ ይቀመጣል፤ ክር ግን በየአቅጣጫው ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ መሬት ላይ ላረፈ የፋብሪካ ወለልና ለዋሻ ግድግዳ እጅግ ሲጠቅም፥ ፎቅ በሚሸከም ቢም ውስጥ ግን በዋናው ፌሮ ፈንታ እንዲያው አይገባም።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ነገ በፕላን ላይ የምንፈርመው እኛው ነን። «ክር አለበትና ፌሮው ይቀነስ» የሚል ባለገንዘብ ሲመጣ፥ እሺ ከማለታችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ። ጭድ ጭቃውን ያያይዘዋል እንጂ ቤቱን ያቆመው ምሰሶውና ማገሩ ነውና።